የጓደኛዬ ጉልበት

የሚለጠጠው የስፖርተኛ ፕላስተር ከጥቅሉ ሲላቀቅ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ሙጫም አዲስ ጨርቅም ይሸታል። ዛሬ ዳንግላ የስፖርት መምህር ነኝ፤ የተማሪዎቼን ቁርጭምጭሚት ስጠቀልል ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ሐሳቤ ወደ ኮሶበር ሜዳ ይሄዳል። እንጅባራን ያኔም አሁንም ኮሶበር ነው የምንላት።

አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላን ነበር፤ እኔና ጓደኛዬ። ሁለታችንም አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ነበር የምንሮጠው። እሷ ከዘንገና ሐይቅ በኩል እየሮጠች ስለምትመጣ እኛ ሰውነታችንን ስናሟሙቅ እሷ ላብ በላብ ሆና ትደርሳለች። ጠዋት ጭጋጉ ሳይገለጥ በመጀመሪያ የምንሰማው እርጥቡ ሣር ላይ የእግሯን ኮቴ ነበር፤ ከዚያ ሳቋን።

አሰልጣኛችን አንድ ጊዜ ከአሰልጣኞች ሥልጠና ሲመለሱ ሁለት ጥቅል ሰማያዊ ፕላስተር ይዘው መጡ። እስከዚያ ድረስ እኛ የምናውቀው የወጌሻ እሽትና ሙቅ ውሃ ብቻ ነበር። እጅሽ ረጋ ያለ ነው ብለው አጠቃቀሙን ለእኔ አሳዩኝ፦ ቆዳውን ከላብ ማድረቅ፣ ጫፉን በመቀስ ክብ አድርጎ መቁረጥ፣ መሐሉን ጥቂት ለጠጥ አድርጎ ማሳረፍ፣ ከዚያ ሙጫው እንዲይዝ በመዳፍ ማሸት።

"ስሚኝ" አሉኝ። "ይኼ ሕመም ያስታግሳል እንጂ ጉዳት አያድንም። አንዷ በየቀኑ ለጥፊልኝ ካለችሽ ለእኔ ንገሪኝ።"

"እሺ ኮች" አልኳቸው።

የዞኑ ምርጫ ውድድር ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጓደኛዬ ጉልበቷን ያማት ጀመር። ለጠፍኩላት። ሮጣ ስትመለስ "ምንም አልተሰማኝም!" ብላ አቀፈችኝ። በማግስቱም ለጠፍኩላት፤ በሦስተኛው ቀንም። በሁለተኛው ሳምንት ጉልበቷ አብጦ ከመዳፌ ሥር ያቃጥል ነበር።

"ለኮች ልንገራቸው" አልኳት።

"ከነገርሻቸው ያስቀሩኛል።"

"ቢያስቀሩሽስ? ለከርሞ ትሮጪያለሽ።"

"ለእኔ ከርሞ የለም" አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

እውነቱን ልናገር፤ ዝም ያልኩት ስላሳዘነችኝ ብቻ አልነበረም። በእኛ ርቀት ለባሕር ዳሩ የክልል ውድድር የሚመረጡት ሴቶች ሁለት ናቸው። አንዷ ማን እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን፤ ከሌላ ወረዳ የመጣች ማንም የማይደርስባት ልጅ ነበረች። ለእኔና ለጓደኛዬ የቀረው አንድ ቦታ ነው። እኔ ደግሞ ከእሷ ጋር በሮጥኩ ቁጥር የማየው ጀርባዋን ነበር።

የውድድሩ ቀን ያካፋ ነበር። ጉልበቷን በፎጣ አደረቅኩና በድርብ ለጠፍኩላት። "አጥብቂው" አለችኝ። ከተማርኩት በላይ ለጥጬ አጠበቅኩት። እስከ መጨረሻው መታጠፊያ ድረስ ከፊቴ ነበረች። እዚያ ላይ ግን ጉልበቷ ከዳት፤ ወደ ጎን ዘመም ስትል አየሁ። በቀኟ አለፍኳት። ዞር ብዬ አላየኋትም።

ሁለተኛ ወጣሁ። እሷ እያነከሰች በመጨረሻ ገባች። አሰልጣኛችን ተንበርክከው ፕላስተሩን ሲልጡ ከሥሩ ቆዳዋ ቀልቶ ተልጦ ነበር።

"ስንት ቀን ሆነው?" ብለው ቀና ብለው ያዩት እኔን ነው።

"ዛሬ ነው የጀመረኝ ኮች" አለች እሷ።

የላጡትን ፕላስተር ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን ጥቅሉን በእኔ እጅ አላስቀመጡትም።

ባሕር ዳር ሄጄ ሮጥኩ፤ ሰባተኛ ሆኜ ተመለስኩ፤ ሩጫዬም በዚያው አበቃ። ስመለስ ጓደኛዬ የለችም። ቤተሰቦቿ ጫግኒ ወርደዋል ተባለ።

ባለፈው ዓመት ተማሪዎቼን ለጨዋታ ይዤ ጫግኒ ወረድኩ። አጠያይቄ እህል ተራ ትንሽ ሱቋ ውስጥ አገኘኋት፤ ዳጉሳ ትሸጣለች። ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ባጃጁ ይጮኻል፣ እኛ ተቃቅፈን ቆመናል። አባቷ ታመው እንደነበር፣ ያኔ ቤታቸው ተሽጦ እንደነበር ነገረችኝ። "የመጨረሻ ሩጫዬ እንደሆነ አውቅ ነበር። ለዚያ ነው የለመንኩሽ" አለች።

ያን ጊዜ በልቤ የያዝኩትን አወጣሁት። "ዝም ያልኩት ስለለመንሽኝ ብቻ አይደለም። ከኋላዬ እንድትቀሪልኝም ፈልጌ ነበር።"

እጇን ዳጉሳው ውስጥ ከተተች።

"አውቄ ነበር" አለች። "ያን ቀን ስትጠቀልይልኝ ዓይኔን አላየሽኝም።" ከዚያ እጇን አራገፈችና፣ "ምሳ በልተሻል?" አለችኝ።

አልበላሁም አልኳት። ሚዛኑን በጆንያ ሸፈነች። ከሱቋ ደጃፍ ሁለት ደረጃ አለ፤ ስትወርድ ያ ጉልበቷ እንዳይከዳት ትከሻዬን ያዘችና ሙሉ ክብደቷን ጣለችብኝ።