ጃንጥላዬ የገባችበት ፒያኖ

ባሌን ሰፈሩም ሙዚቀኞቹም «ጋሽ ጆሮ» ይሉታል። ጆሮው ትልቅ ሆኖ አይደለም፤ ሌላው የማይሰማውን ይሰማል ለማለት ነው። እኔ የምለውን ግን ሰምቶ አያውቅም። ዳቦ ግዛ ስለው ሳሙና ይዞ የሚመጣ ሰው፣ ጎረቤት ከሚጮኸው ሬዲዮ ውስጥ አንዲት ድምፅ የፀጉር ታህል ከቅኝት ብትወርድ ፊቱን ያጨማድዳል።

ፒያኖው እዚህ ቤት የገባው ከእኔ በፊት ነው። የድሮ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ነው፣ የሬሳ ሣጥን የሚያህል። ሆዱ ውስጥ ለየቁልፉ አንዳንድ ቀጭን የብረት ዘንግ አለ። ቁልፉ ሲነካ ትንሽ መዶሻ ትነሳና ዘንጉን ትመታለች፣ ድምፁም በሽቦ ወደ ማጉያው ይሄዳል። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ወድጄ አይደለም፤ ጣውንት አብራ ስትኖር ጠባይዋን ማወቅ ግድ ነው። ባሌ የሚጫወትበት ባንድ ሰዎችም «ጣውንትሽ ደህና ናት?» እያሉ ይቀልዱብኛል። እውነት አላቸው፤ እኔ ስታመም ሻይ የማያፈላ ሰው እሷን በየሳምንቱ ከፍቶ ይወለውላታል።

አንድ ዝናባማ ወቅት ከመሐለኞቹ ቁልፎች የአንዷ ዘንግ ተሰበረች። መለዋወጫ ከየት ይምጣ? የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ። ሰውዬው እህል ውሃ አልል አለ። በማግስቱ ጠዋት ለሥራ ልወጣ ጃንጥላዬን ብዘረጋው በአንድ በኩል እንደ ተሰበረ ክንፍ ወረደ። ለካ ሰውዬው ከብረቶቹ አንዱን ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ ፒያኖው ውስጥ ተክሎታል።

«ዝናቡ እኮ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚገባብሽ» አለኝ፣ ማጽናናቱ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያቺ ቁልፍ ስትመታ ድምፅዋን ታሰማና ከኋላዋ ትንሽ ሳል ታስከትላለች፤ ጉሮሮ እንደ መጥረግ ያለች ሳል። ሊያጠፋት ታገለ፤ አልሆነለትም። ቆይቶ ወደዳት። ማንኛውንም ዘፈን ሲጨርስ መጨረሻ ላይ እሷን ሳይነካ አይነሳም።

እኔ የምሠራው አንድ ሆቴል ውስጥ ነው፣ ላውንደሪ፣ ምድር ቤት። ባንዱ የሚጫወትበት አዳራሽ ልክ ከራሳችን በላይ ሲሆን ሙዚቃው በአየር ማስወጫው ቱቦ ወደ እኛ ይወርዳል። እሁድ እሁድ ምሳ ሰዓት፣ ሰው ሾርባ የደፋበትን የጠረጴዛ ልብስ እያሸሁ ባሌን እሰማለሁ። ስለ ዘፈኑ አላውቅም። መጨረሻው ላይ ሳሏ ስትመጣ ግን ጃንጥላዬ ናት። «ሰላም አለኝ» እላለሁ አጠገቤ በካውያ ለምትተኩሰው ጓደኛዬ።

«የሌላው ሰው ባል ስልክ ይደውላል፣ ያንቺ ይስላል» ትለኛለች።

በትዳራችን ሙሉ አንድ ቀን እወድሻለሁ ብሎኝ አያውቅም። በየእሁዱ በቱቦው ይልክልኝ ነበርና አልጎደለብኝም።

አሁን ወደ ወንድሜ ልምጣ፤ ስሙን ማንሳት ስለማልፈልግ ወንድሜ እያልኩ ልለፈው። እናታችን ስታርፍ ገና ልጅ ነበር፤ ያደገው እኛ ቤት ነው። ባሌ በዚያው ፒያኖ ላይ ጣቶቹን እየያዘ አስተማረው። ሲያድግ ግን ምላሱ ጣቱን ቀደመው። ከሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ጋር የሚነጋገረው እሱ፣ ፕሮግራም የሚያወጣው እሱ፣ በመጨረሻም የባንዱ አለቃ እሱ ሆነ። እኛ ደስ አለን። የቤት ልጅ ነው፣ ነገ ለእኛ ይሆናል አልን።

አዳራሹ ለእድሳት የተዘጋ ጊዜ ነው ረጅም ካርቶን በአንድ ትከሻው ተሸክሞ ከች ያለው። ባሌ ያን ሰሞን ወገቡን ያመው ነበር፤ ያ ከባድ ፒያኖ በየእሁዱ ከቤታችን ወደ አዳራሹ በደረጃ ሲወጣና ሲወርድ አብሮ መሸከም ልማዱ ነውና።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ ሸክም ቀረልህ» አለ ወንድሜ። «ይኸው አዲስ ኪቦርድ። የድሮዎቹ ኤሌክትሪክ ፒያኖዎች ድምፅ በሙሉ እዚህ ውስጥ ገብቷል።»

አወጣውና ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጠው። ትንሿ መስኮቱ ላይ የድምፆቹ ስም ከነዘመናቸው ተደርድሯል። አንዱን ሲነኩት ያረጀ ፒያኖ ይሆናል፣ ሌላውን ሲነኩት በጣም ያረጀ፣ ሌላው ደግሞ ሊወድቅ የደረሰ። ሆን ተብሎ ተቀዶ የሚሸጠውን አዲስ ሱሪ አሰብኩ። እኛ እርጅናን በነፃ ይዘን ዞር ብሎ የሚያየን አጣን፣ እነሱ በካርቶን አሽገው ይሸጡታል።

ባሌ ጥቂት ነካካው። «ጥሩ ነው» አለ። «ግን የማንም አይደለም።»

«እኮ፣ ያንተ አድርገዋ! እያንዳንዱን ቁልፍ ለየብቻ ማስተካከል ይቻላል። የአዳራሹ ሰው የለመደው ያንተን ድምፅ ነው። እሁድ ሲከፈት መኪና እልክልሃለሁ።»

መኪና እልክልሃለሁ አለ። እኔ እዚያው ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሰውዬው ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ሥራውን ያዘ። ከአሮጌው አንድ ይመታል፣ ከአዲሱ አንድ ይመታል፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፣ ትንሽ ያዞራል፣ እንደገና ይመታል። ሳሎኑ ውስጥ መላወሻ ጠፍቶ እራታችንን አልጋ ላይ ተቀምጠን እንበላ ነበር። የወገቡን ሕመም እንኳ ረሳው። በመጨረሻ ያቺ ሳለኛዋ ቁልፍ ብቻ ቀረች። ፋብሪካው እርጅናን እንጂ ሳልን አላሰበም። መሣሪያው ውስጥ ግን የመዶሻ ኳኳታ፣ የሽቦ እዝዝታ የሚመስሉ ድምፆች ነበሩና እነሱን እየቀነሰና እየጨመረ ሲቀይጥ ሰነበተ።

አንድ ቀን ጠራኝ። «ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙሪ። የቱ ነው የኛ?»

ሁለት ጊዜ መታ።

«የመጀመሪያው» አልኩ።

አዲሱ ነበር። ሰውዬው ልጅ እንደተወለደለት አባት ሳቀ። እኔም ከት ብዬ አብሬው ሳቅኩ፤ ሞኝ።

አዳራሹ ሊከፈት ሲል፣ ቅዳሜ ማታ፣ ወንድሜ መጥቶ ቀድሜ መድረኩ ላይ ላቁመው ብሎ ኪቦርዱን ይዞ ሄደ። እሁድ ዕለት ነጭ ሸሚዙን ተኩሼ ወንበር ላይ ሰቅዬለት ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሙዚቃው በቱቦው ወረደ። ማሽኑን አጠፋሁት። እንዴት ያለ አጨዋወት! ለስላሳ፣ የበሰለ። መጨረሻው ላይ ደግሞ ያቺ ሳል፣ ጃንጥላዬ፣ ቁልጭ ብላ መጣች።

«ባሌ ነው!» አልኩ አፌን ሞልቼ። ጭብጨባው ጣሪያውን አናጋው።

«ጋሽ ጆሮ በሸመገለ ቁጥር እየጣፈጠ ሄደ» አለች ጓደኛዬ። እንባዬ መጣ፣ አልደብቅም።

ሥራ እንዳበቃሁ ቤቴ በረርኩ፤ ቀድሜው ደርሼ ለወገቡ ውሃ ላሞቅለት። በሩን ብከፍት፣ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ነጭ ሸሚዙን ለብሷል፣ ጫማው ተወልውሏል፣ ኮቱ ጭኑ ላይ ነው።

«መቼ መጣህ?» አልኩት።

«ከየት?» አለኝ። «መኪናው እኮ ዘገየ።»

 ፊቴን አየና ገባው።

«ተጫወቱ?»

«ተጫወቱ።»

«ሳሏስ?»

«ነበረች» አልኩ። «አንተ መስለኸኝ ነበር።»

ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ።

«እንግዲያው ደህና አድርጌ ነው የሠራሁት» አለ።

 ትንሽ ቢያበላሸው፣ ግማሹን ለራሱ ቢያስቀር ኖሮ እኮ ይጠሩት ነበር። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት የሚባለው ለካ እንዲህ ነው። በማግስቱ ወንድሜን ሆቴሉ ደረጃ ላይ አነቅኩት።

«እታለም፣ ተረጋጊ። ሥራ አስኪያጁ ነው መድረኩ ላይ ወጣት ፊት ይታይ ያለው። ጋሼንም ላሳርፈው ብዬ ነው።»

«መኪናውስ? ሰው ሸሚዙን ለብሶ ቀኑን ሙሉ በር በር ሲያይ ዋለ!»

«እሱንስ ረሳሁት» አለ። ቢዋሸኝ ይሻለኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ ረስቶታል። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ብዬ ፊቱ ላይ ተናግሬው ወረድኩ።

ከዚያ በኋላ እሁድ ለእኔ መከራ ሆነ። ባሌ ቤት ተቀምጦ ባሌ ከላይ ይጫወታል። ሙዚቃው ሲጀምር ትልቁን ማድረቂያ እከፍትና በጩኸቱ እሸፈናለሁ።

ዝናቡ በገባ ሰሞን ወንድሜ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ። አንድ ነገር ሳያውቅ ተጭኖ ኖሮ ባሌ ኪቦርዱ ላይ ያስተካከለው ድምፅ ሁሉ ጠፍቶ ከፋብሪካ እንደመጣ ሆኗል።

«ጋሼ፣ እኔ አልቻልኩበትም፤ ጣቴ ራሱ አልታዘዝ አለኝ። አንተ ብቻ ነህ የምትመልሰው።»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አሁን ባሌ ያባርረዋል ብዬ እጄን አጣምሬ ስጠብቅ፣ ሰውዬው ተነስቶ ጫማውን ፈለገ።

«ወዴት ነህ?»

«ድምፁ ጠፋ አይደል የሚለው?»

«ይጥፋ! ገደል ይግባ!»

«ድምፁ ምን አደረገኝ?» አለና ወጣ። እስከ እሁድ አላናገርኩትም። ስንት ዓይነት ውርደት አለ፣ በገዛ እግሩ ሄዶ የሚፈልገው ግን ባሌ ብቻ ነው አልኩ።

እሁድ ምሳ ሰዓት እጄን ማድረቂያው አዝራር ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ሙዚቃው ወረደ። የሱ ነው፣ ልቅም ብሎ የሱ። ልጫነው ስል ዘፈኑ አለቀና ወንድሜ እንደተማረው ያቺን የመጨረሻ ቁልፍ ነካ። ድምፅዋ ጥርት ብላ ወጣች። ሳል የለም። ጠበቅኩ፤ የለም። በሁለተኛው ዘፈንም፣ በሦስተኛውም የለም። ጭብጨባው ግን እንደ ወትሮው ነበር።

ስወጣ ወንድሜ በሩ ላይ አገኘኝ፣ ፊቱ ያበራል። «ሰማሽ እታለም? ልክ እንደ ድሮው ሆነልን እኮ!»

ቤት ስገባ ባሌ አሮጌውን ፒያኖ ከፍቶ አቧራውን እየጠረገ ነበር።

«ሳሏን ረሳሃት እንዴ?» አልኩት።

«ጃንጥላው ያንቺ አይደለም?» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቁልፏን በአንድ ጣቱ ነካ አደረጋት፤ ሳለች። 

«ልጁስ ምን አለ?» ሲል ጠየቀኝ።

ልዋሸው አሰብኩ፤ እሱን ግን መዋሸት አይቻልም። «ልክ እንደ ድሮው ሆነልን አለ።»

ጨርቁን አጥፎ ፒያኖው ላይ አስቀመጠ።

«አላወቀም በይኛ» አለ። «ያን ሁሉ ዓመት አስተምሬው።»