አማቴ የሞሏት ሸረሪት

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የሞቱ ነፍሳትን አድርቄ በመስታወት ፍሬም ውስጥ መደርደር የጀመርኩት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላ ነው። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ክረምት ላይ መብራት ተከትሎ የመጣ ሁሉ ጠዋት መስኮቱ ሥር ሞቶ ይገኛል። መጀመሪያ ያነሳሁት አንድ አረንጓዴ ጢንዚዛ ነበር። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል እንጦጦ እየወጣሁ ከባሕር ዛፉ ሥር የወደቀ ቢራቢሮ፣ ፌንጣ፣ ሸረሪት መልቀም ያዝኩ።

ባለቤቴ ነገሩን አልወደደችውም። «ሰው የሞተ ነገር ከቤት ያወጣል፣ አንተ ታስገባለህ» ትለኝ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ሥራውን አልቻልኩበትም። የቢራቢሮው ክንፍ እጄ ላይ ይሰባበራል። የሸረሪቶቹ ሆድ በሳምንቱ እንደ ዘቢብ ይጨማደዳል። ሸረሪት ስምንት እግር ስላላት ከነፍሳት ጎራ እንደማትመደብ ለተማሪ ማስረዳት አያቅተኝም፤ ሆዷን ማዳን ግን አቅቶኝ ነበር።

በዚያው ዓመት አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ከእኛ ጋር መኖር ጀመሩ። በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። የባለቤቴ እናት ካረፉ በኋላ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያለው ቤት ለብቻቸው ከበዳቸው። እኛ ቤት ከመጡም በኋላ ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው፣ ልክ እንደ እንግዳ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ነበር የሚቀመጡት።

አንድ እሑድ ጠረጴዛው ላይ ቢራቢሮ ሳበላሽ አዩኝና፣ «ልጄ፣ ይኼ እኮ ደርቋል» አሉኝ። «ደረቅ ጨርቅ ካልረጠበ ለካውያ አይታዘዝም።»

ተነሥተው ከኩሽና አንድ ባለክዳን ምሳ ዕቃ አመጡ። ታች እርጥብ ጨርቅ አነጠፉ፤ ቢራቢሮውን ውሃ እንዳይነካው በሌላ የፕላስቲክ ክዳን ላይ አድርገው ምሳ ዕቃውን ዘጉት። «እስከ ነገ አትንካው።» በማግሥቱ ክንፉ ምንም ሳይሰበር ተዘረጋ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው የእሳቸው ሆነ። ከሻንጣቸው ቀጫጭን ስፒሎቻቸውን አወጡ። ወረንጦ እኔ ገዛሁላቸው። አንድ ቅዳሜ አብረውኝ እንጦጦ ወጡ፤ ዳገቱን ቀስ እያልን፣ እያረፍን። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ ነው እግሯን አጣጥፋ የሞተችውን ትልቅ ሸረሪት ያዩት። በመሐረባቸው አንሥተው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ያዟት።

ሦስት ቀን ሠሩባት። በምሳ ዕቃው አለሰለሷት፤ በግማሽ ምላጭ ሆዷን ከሥር በኩል በትንሹ ቀደው ውስጡን አጸዱ፤ ከዚያ በመርፌ ጫፍ ጥጥ ትንሽ ትንሽ እያሉ ሞሏት። «ጥጡ ሲበዛ ትወጠራለች፣ ሲያንስ ትሸበሸባለች። የኮት ትከሻ በለው» አሉኝ። እግሮቿን አንድ በአንድ ዘርግተው፣ ሳይወጉ፣ ግራና ቀኝ በስፒል ደግፈው እስክትደርቅ ተዉአት። የእኔ ድርሻ ፍሬሙ ውስጥ የሚነጠፈውን ነጭ ፎም መቁረጥና የተገኘችበትን ቦታ በወረቀት መጻፍ ነበር። ሳሎናችን ውስጥ ከበሩ ትይዩ ሰቀልናት። በሕይወት ያለች ትመስል ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ እሑድ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህርና ሦስት መምህራን ቤታችንን ለማየት መጡ። አማቴ የተለመደ ቦታቸው ላይ ነበሩ። ባለቤቴ ኩሽና ነበረች። ርዕሰ መምህሩ ገና ሳይቀመጥ ፍሬሙ ፊት ቆመ።

«ይኼን ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ለምን እንዳልኩት እስከ ዛሬ አላውቅም ብል ደግሜ መዋሸት ይሆንብኛል። አውቃለሁ። ሰውየው በአድናቆት ነበር የጠየቀው፤ አድናቆቱ ወደ ሌላ ሰው እንዲሄድ አልፈለግኩም። በዚያ ላይ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «ቀስ በቀስ የተለማመድኩት ነው» ብዬ ጨመርኩበት።

«የሸረሪት ሆድ ሲደርቅ ይጨማደድ የለም እንዴ? እንዴት አድርገህ ነው?»

ከመመለስ ይልቅ ፍሬሙን ማስተካከል ያዝኩ። አሠራሩ ጠፍቶኝ አይደለም፤ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ግን እሳቸው እየሰሙ፣ የእሳቸውን እጅ ሥራ «እንዲህ አደረግኩ፣ እንዲያ አደረግኩ» ማለት አቃተኝ። ያኔ ከሶፋው በኩል የአማቴን ድምፅ ሰማሁ፤ የረሳ ሰው እንደሚያስታውሱ በለሰለሰ አነጋገር።

«በጥጥ ነው የሞላኋት ብለኸኝ አልነበር?»

«አዎ፣ በጥጥ ነው» አልኩ።

«አባባንም አስተምረሃቸዋል ማለት ነው» አለ ርዕሰ መምህሩ። ሁሉም ሳቁ። አማቴም አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ባለቤቴ ሁሉንም ከኩሽና ሰምታ ኖሯል። እንግዶቹ ሲሄዱ ሳህን እያጠበች፣ ድምፅዋን ሳትጨምር ነገረችኝ። «አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የሰፋው ኮት ላይ የሚለጠፈው የባለሱቁ ስም ነው። ሰርግ ቤት ሰው ኮቱን ሲያደንቅ አጠገቡ ቆሜ አውቃለሁ፤ ዝም ነው የሚለው። በልጁ ቤት ግን እንዲህ ይገጥመኛል ብሎ አላሰበም።»



በዚህ አላበቃም። ሰኞ ዕለት ርዕሰ መምህሩ አሠራሩን ለሳይንስ ክበቡ ተማሪዎች እንዳሳይ ጠየቀኝ። እንቢ ለማለት እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ቤት ገብቼ፣ «አባባ፣ እስቲ አንዴ ቢያሳዩኝ» አልኳቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ሁለት ቀን አስተማሩኝ። ምላጩን ስይዝ የእጄን አንጓ ደግፈው ያዙልኝ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ «ጥጡን አላላው» ይሉኛል፤ እኔም አላላዋለሁ።

ክበቡ በተሰበሰበበት ቀን ተማሪዎቹ ከበውኝ ሳሉ ለማሳያ ባመጣኋት ሌላ ሸረሪት ላይ ምላጩን ከልክ በላይ ጫንኩት። ምላጩ ሆዷን አልፎ በጀርባዋ ወጣ። ጥቂቶቹ ሳቁ። «ምላጩ ዶልዱሟል» አልኳቸው። ምላጩ ገና ከወረቀቱ የወጣ አዲስ ነበር።

ከዚያ በኋላ አማቴ ሥራውን ተዉት። አንድ የውሃ ተርብ ሳይጎዳ አግኝቼ ባመጣላቸው፣ «ዓይኔ ደክሟል፣ ልጄ» አሉኝ። በዚያው ሳምንት ግን የባለቤቴን ቀሚስ ቁልፍ ሲተክሉ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ በአንድ ጊዜ ሲያስገቡ አየሁ።

በመጨረሻ አንድ ከሰዓት፣ ሁለታችን ብቻ ስንሆን፣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ እንግዶቹ የመጡ ቀን የሠራሁት ነገር...»

«ተወው» አሉኝ። «በእንግዶችህ ፊት ላዋርድህ ኖሯል?»

«እርስዎን ያዋረድኩት እኔ ነኝ።»

የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሱና፣ «እሱንማ አውቃለሁ» አሉ። ተቆጥተው አይደለም፤ ይቅር ብዬሃለሁም አላሉኝም። ትንሽ ቆይተው ፀሐይ ልሙቅ ብለው በረንዳ ወጡ።

ለርዕሰ መምህሩ እውነቱን የነገርኩት ከስንት ወር በኋላ፣ ኮሪደር ላይ ነው። «የትኛው ሸረሪት?» አለኝ። ሳስታውሰው፣ «ታዲያ ምን አለበት፣ አንድ ቤተሰብ አይደላችሁ?» ብሎ ትከሻዬን መታ አድርጎ ወደ ስብሰባው ገባ። ያን ሁሉ ጊዜ የፈራሁት ነገር አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ባሰብኝ። እንዲህ የሚቀል ከነበረ ያን እሑድ፣ እሳቸው እየሰሙ፣ መናገር እችል ነበር።

አሁን አማቴ መሪ ሰፈር ወንድ ልጃቸው ጋ ይኖራሉ። ደረጃው በዛብኝ ብለው ነው የሄዱት፤ እውነትም አራተኛ ፎቅ ለጉልበታቸው ከባድ ነው። ባለቤቴም ምክንያቱ ደረጃው ነው ትላለች፤ ስትናገር ግን አታየኝም። ሸረሪቷ እዚያው ሳሎን ናት። የሚጠይቀኝ እንግዳ ሲመጣ የማን እጅ ሥራ እንደሆነች እነግራለሁ፤ የዚያን ቀን ላልነበረ ሰው መንገር ቀላል ነው።

በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ልንጠይቃቸው እንሄዳለን። በሩ ላይ ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው ለመነሣት ይሞክራሉ። «በሞቴ፣ አይነሡ አባባ» እላለሁ። አይሰሙኝም። የወንበሩን ክንድ ይዘው፣ ቀጥ ብለው እስኪቆሙ ድረስ፣ እንደ ባዳ እንግዳ ይነሡልኛል። እኔ ደግሞ እዚያው በሩ ላይ ጫማዬን እያየሁ እጠብቃለሁ።