ሦስት ጊዜ የቀረች ዜጋ

ዓርብ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ላሊበላ

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሚኒባሱ እስኪሞላ እየጠበቅን ነው። ጋቢና ቦታ በማግኘቴ ራሴን እንደ ሹም ቆጥሬ ነበር፤ ሁለት ዶሮ የታቀፉ እናት አጠገቤ ሲገቡ ሹመቴ አበቃ።

«ወደ ብልባላ ለጉብኝት ነው?» አለኝ ሹፌሩ።

«የዚያ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ለልምምድ ያቋቋሟት ሪፐብሊክ አለች አሉ። ዛሬ ስለ ሕገ መንግሥቷ ይሰበሰባሉ።»

«እንግዲያ ድንበሩ ላይ ነው የማወርድዎ። የኔ መኪና ካገር መውጫ ፈቃድ የላትም!»

1 ሰዓት ተኩል፣ መንገድ ላይ

መንገዱ ይንጣል። ገደል፣ የገብስ ማሳ፣ ጭድ የጫኑ አህዮች፣ እንደገና ገደል። ባለዶሮዋ እናት ቆሎ ዘገኑልኝ። «ያዝ ልጄ፣ ባዶ ሆድ ገደል ሲያይ ይፈራል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

3 ሰዓት፣ ብልባላ

የሥነ ዜጋ መምህሩ ጓደኛዬ አስናቀ ፊቱ ጠቁሮ ተቀበለኝ። «ዛሬ ተማሪዬን ብርቄን ሊሰርዟት ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆቹ ሕገ መንግሥት ሲያረቁ የመማሪያ መጽሐፉን ትተው ከቤታቸው የሚያውቁትን የቅሬ ደንብ ገለበጡ። ቅሬ የወሎ እድር ነው፤ ሦስት ቀብር የቀረ አባል ይሰረዛል። እነሱም «ሦስት ስብሰባ የቀረ ከዜግነት ይሰረዛል» ብለው አጸደቁ። የብርቄ እናት አራስ ናቸው፤ ከሷ በቀር ውሃ የሚቀዳ ስለሌለ ሦስት ጊዜ ቀረች። አስናቀ የሚፈራው አፍራ ትምህርቱን ጭምር እንዳትተው ነው።

ሪፐብሊኳ የተቀመጠችው ወይራ ሥር ነው። ብርቄ ከተማሪዎቹ ክብ ውጭ ቆማ እጇን አወጣች።

«የተሰረዘ አይናገርም» አለ ሰብሳቢው ሞላ።

«ገና መቼ ተሰረዝኩ?»

«ሦስት ቀርተሻል። ደንብ ደንብ ነው።»

ደሜ ፈላ። ሰው ሳይሰማ የሚፈርድ ሕግ ምን ሕግ ነው? ግን እንግዳ ነኝና ምላሴን ያዝኩ።

አስናቀ የጋበዛቸው የቅሬ ዳኛ አባ ይመር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሞላ ወደሳቸው ዞረ። «አባ፣ ይመስክሩ እስቲ። ቅሬ ሦስት የቀረ አይሰርዝም?»

«ይሰርዛል እንጂ! እኔው ራሴ ስንቱን ሰርዣለሁ።»

የሞላ ፊት በራ። ብርቄ ግን ፈቃድ ሳትጠይቅ፣ «የተሰረዘው ሰው ሲሞትስ?» አለች።

ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው ወደሷ ዞሩ።

«አዬ ልጄ! እንቀብረዋለን እንጂ ሜዳ ላይ ይጣል? ያገር ልጅ አይደለ! ከቅሬ ሰው ሰርዘን እናውቃለን። ካገር ልጅነት ግን ሰርዘን አናውቅም፤ እሱ በጃችን አይደለም።»

ሞላ ራሱን አከከ፣ ደብተሩን ገለጠና አንቀጹን በእስክሪብቶ ሰረዘው። ከሥሩ እየጻፈ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ዜግነት በመቅረት አይሰረዝም። ማንም ሳይሰማ አይፈረድበትም።» እጆች ሁሉ ወጡ። የሞላ የመጨረሻው ነበር፣ ግን ወጣ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ፤ ድምፅ የሌለኝ የውጭ ዜጋ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

«ዜጋ ብርቄ፣ አሁን መናገር ትችያለሽ» አለ ሞላ፣ በክብር።

ብርቄ ወደ ክቡ ገባች። ነጠላዋን አስተካከለችና ዓይን ዓይኑን እያየች ጠየቀችው፦

«የሰብሳቢ ምርጫ መቼ ነው?»