ውሃ የሚያጠሩት ሰውዬ

ሕፃናት የምጠብቅበት ቤት ሮቫ ዩድ-አሌፍ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው። የግቢውን መዋኛ ገንዳ ውሃ የሚያስተካክሉት ሽማግሌ በየሳምንቱ ይመጣሉ። በሙቀቱም ቢሆን ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ይቆልፋሉ። ውሃውን በትንሽ ብልቃጥ ቀድተው የመመርመሪያ ፈሳሽ ጠብታ ይጨምሩበትና፣ እንደ ቀለሙ ክሎሩን ወይም አሲዱን ይመጥናሉ። ልጆቹ ሲዋኙ ግን እሳቸው ፊታቸውን ያዞራሉ።

አንድ ቀን ውሃው አረንጓዴ ሆኖ፣ ደፍርሶ አገኙት።

«ልጆቹን ወደ ቤት አስገቢልኝ» አሉኝ።

«አባባ፣ ክሎር አንሶት ነው እኮ።»

«አውቃለሁ ልጄ። ወደዚህ አገር ልንመጣ በእግር ወደ ሱዳን ስንሄድ የተሻገርነው ወንዝም እንዲህ ድፍርስ ነበር። እጇን ይዣት ነበር፤ መሀል ላይ ሾለከችኝ።»

የማንን እጅ እንደሆነ ሳልጠይቅ ልጆቹን አስገባሁ።

በማግስቱ ሊያዩት ተመልሰው ሲመጡ ውሃው ጠርቶ ነበር። ጠርዙ ላይ ተንበርክከው የገንዳውን ወለል ከዳር እስከ ዳር አዩት።

«እዚህም የለችም» ሲሉ ሰማኋቸው።