ከቦርደዴ የምትመጣዋ

አሰበ ተፈሪ ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ የመኪና ወዳጅ ነኝ ባይ ነበርኩ። አልነዳም፣ አልጠግንም፤ ብቻ ቅዳሜ ቅዳሜ መንገድ ዳር ቆሜ ቀይዋን ትሬንታ ኳትሮ እጠብቃለሁ። ያቺ የጭነት መኪና ከቦርደዴ መጥታ ዳገቱን ጨርሳ ብቅ ስትል ባርኔጣዬን አወልቅላታለሁ።

አንድ እሑድ የቡና ነጋዴው አቶ ደበበ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ቤቴ መጡ።

«ከቦርደዴ የምትመጣዋን ትወዳታለህ አሉ?» አሉኝ ቆጣ ብለው።

«በጣም እንጂ! ድምጿን ከሩቅ አውቀዋለሁ።»

እርስ በርስ ተያዩ። «ታዲያ አሳብህ ምንድን ነው?»

«ምን አሳብ አለኝ! አንድ ቀን ብቻ እስከ ገበያው ብነዳት ደስታዬ ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሼክ አልዩ፣ «አስተግፊሩላህ!» ብለው ብድግ አሉ።

ግራ ገባኝ። መኪና መውደድ ከመቼ ወዲህ ነውር ሆነ?

«አቶ ደበበ፣ መኪናዋ የእርስዎ ናት እንዴ?»

«የምን መኪና? ልጄን ነው እንጂ! ቦርደዴ የምታስተምረውን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያች መኪና የምትመጣውን! ባርኔጣ የሚያወልቅልኝ አለ ብላ፣ አንተን ስትጠብቅ ሁለት ጠያቂ መለሰች እኮ!»

እኔ ጋቢናዋ ውስጥ ሰው መኖሩን እንኳ አይቼ አላውቅም።