ሁለተኛ የሌላት መኪና

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰን ገና ነጠላዬን ሳላጣጥፍ የልጄ ባል ኤርሚያስ ስልኩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። የምንኖረው ጀርመን አገር ነው፤ ከዲላ ወጥቼ ከልጄ ጋር መኖር ከጀመርኩ ብዙ ክረምት አልፏል፣ ብርዱን ግን ዛሬም አልለመድኩትም። ያሳየኝ የአንዲት መኪና ፎቶ ነበር። መሬት ልትነካ የደረሰች፣ አፍንጫዋ የሾለ። ፋብሪካው ለሙከራ ሠርቷት ለገበያ ሳያወጣት የቀረች ስለሆነች በዓለም ላይ አቻ የላትም አለኝ። እንዲህ ያለውን እያሳደዱ የሚሰበስቡ ሰዎች ስላሉ ዋጋዋ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም ብሎም አስረዳኝ።

“ለቤት መግዣ ያስቀመጥነውን እዚህ ላይ ባውለውስ? ምን ይመስልዎታል፣ እማዬ?”

ልጄ ወጥ ቤት ውስጥ ድስቱን ከወትሮው ጠንከር አድርጋ ስታስቀምጥ ሰማሁ።

ተነስቼ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እል ጀመር፤ እግሬ አላርፍ አለኝ። እንዲህ ባለች መኪና ላይ አንድ ቀን ተቀምጬ ነበር ብል ማን ያምነኛል?

አባቴ ዲላ ውስጥ ቡና ሰብሳቢ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ጥቅምት ሲገባ፣ ቡናው በየጓሮው ሲቀላ፣ በአሪቻ በኩል ካሉ ገበሬዎች እሸት ቡና እየገዛ ጪጩ አጠገብ ላለ መፈልፈያ ጣቢያ ያስረክባል። እሸት ቡና ቀን አይሰጥም። ጠዋት ተለቅሞ በዚያው ቀን ካልተፈለፈለ ጆንያው ውስጥ ይሞቃል፣ ይኮመጥጣል፣ ደረጃውም ይወርዳል። ስለዚህ በቤታችን በቅሎውም፣ ሠራተኛውም፣ አንዳንዴ አማቹም ሳይቀር የሚመዘነው “ቡና በጊዜ ያደርሳል ወይ?” ተብሎ ነበር። ቤታችንን ያቆመችው ደግሞ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነበረች።

በዚያ ዓመት ከተማችን ውስጥ አንድ የመንገድ መሐንዲስ ነበር፤ ፈረንጅ። ቀድሞ የመኪና ፋብሪካ ውስጥ ሠርቶ ኖሮ ፋብሪካው ሞክሮ የተዋትን አንዲት መኪና ይዞ መጥቷል። ሥራው ወደ ሞያሌ ሲዛወር ወደዚያ በሚወስደው ኮረኮንች እንደማትሄድለት ገባውና በፒክአፓችን ሊለውጣት ጠየቀ። ታላቅ ወንድሜ አበራ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልበላ አለ። የፒክአፓችን ሹፌር እሱ ነበር፤ ከፈረንጁ መኪና ፍቅር ይዞታል።

“ዓለም ላይ አንድ ብቻ ናት፣ አባባ።”

“ሁለተኛ የሌለው እግዚአብሔር ብቻ ነው” አለ አባቴ። “እሱ ደግሞ መለዋወጫ አያስፈልገውም።”

እናቴ አማተበችና ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነችው። አበራ ግን አልተረታም። በፒክአፑ ከይርጋጨፌ ጪጩ እስኪደረስ ቡናው ራሱ ይሰለቻል፣ ይቺ ግን ሳያውቀው ታደርሰዋለች ብሎ ተከራከረ። በመጨረሻ አባቴ አንድ ነገር ፈቀደ፦ መኪናዋ ቡና ጭና ትሞከር። ወደ እኔም ዞረና “አንቺ አብረሽው ሂጂ። አበራ ከወደደ አያይም። አንቺ ግን ያየሽውን ትነግሪኛለሽ” አለኝ። በቤቱ ውስጥ ጸሎት የማታስታጉል፣ ውሸት የማይሆንላት ልጅ ተብዬ የምታወቀው እኔ ነበርኩ።

የአሪቻ መንገድ ለእንዲያ ያለች ዝቅተኛ መኪና ስለማይሆን ቡናው በበቅሎ እስከ ይርጋጨፌ አስፋልት ወረደልን። እስኪመጣ ድረስ መንገድ ዳር ትኩስ ቆጮ በአቮካዶ በላን። መንደርተኛው ደግሞ መኪናዋን ከቦ ሆዷ ለምን መሬት እንደሚጎተት ይጠያየቃል፤ አንዱ “ገና አልተነሳችም፣ ቁጭ ብላ ነው” አለና ሁሉንም አሳቀ። ጆንያዎቹ ሲደርሱ አበራ ከመቀመጫችን ጀርባ፣ ምንጣፍ በለበሰው ደልዳላ ቦታ ላይ ደረደራቸው። ለቡና ብለው የሠሩት ይመስላል አለኝ። ሞተሩ እዚያው ከሥር መሆኑን ያውቃል፤ ግን እኛ ስንፈራ የኖርነው ሰዓትን ነው። ሌላ የሚፈራ ነገር አለ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

እንደተነሳን አቡነ ዘበሰማያትን ጀምሬ አልጨረስኩትም። የእንሰቱ ቅጠል፣ የቡናው ጥላ፣ አውቶቡስ ጠባቂው ሁሉ አንድ አረንጓዴ ሆኖ አለፈ። መጀመሪያ “ቀስ በል” አልኩት። ደገምኩት። ከዚያ ተውኩት። ወናጎ ላይ ከብቶች ሲሻገሩ ፍጥነቱን ሲቀንስ “ለምን ቀነስክ?” ያልኩት እኔ ነበርኩ። አበራ ዞር ብሎ አየኝና እንደ ሕፃን ሳቀ። ከኋላችን እንደ ጠጅ ጋን ያለ ጣፋጭ ሽታ ይመጣ ነበር። የፍጥነት ሽታ መስሎኝ ነበር።

ጣቢያው ስንደርስ ፀሐይ ገና ከአናት አልወረደችም። ተረካቢው ጋሽ ጅግሶ፣ ከአባቴ ጋር የኖሩ የጌዴኦ ሰው፣ እጃቸውን ጆንያው ውስጥ ከተቱና ቶሎ አወጡት። ጣታቸው ላይ ቀይ ውኃ ይንጠባጠባል።

“አበራ፣ ቡናዋን በመኪና ነው ያመጣኸው በድስት?”

ሠራተኞቹ ሳቁ። አበራ መሬት መሬት ያያል። እዚያ ሲጠብቀን የነበረው አባቴ አልተቆጣም፤ ወደ እኔ መጥቶ ምን እንዳየሁ ጠየቀኝ። በጊዜ ደርሰናል፣ ቡናውን ግን ከሥሩ የነበረው ሞተር አሙቆት አበላሽቶታል አልኩት።

“መኪናዋስ?”

“መኪናዋማ… አባባ፣ ነፍስ አላት።”

ከቡናው ይልቅ ይህ አስደነገጠው። ረዘም አድርጎ አየኝና “አንቺንም ያዘሽ? እግዜር ይማርሽ” አለኝ፣ ለታመመ ሰው እንደሚባለው።

ልውውጡ ቀረ። መኪናዋ በመሐንዲሱ ግቢ ሸራ ለብሳ ከረመችና ከፋሲካ በኋላ በጭነት መኪና ተወሰደች። አበራ መንገድ ዳር ቆሞ እስክትሰወር አያት። ከዚያ በኋላ ያቺን ፒክአፕ ቡና እያጋዘባት አስረጃት፤ እኛንም ያስተማረን፣ የዳረንም በእሷ ነው። አባቴ አልተሳሳተም።

ይህንን ሁሉ ለኤርሚያስ ነገርኩት። ልጄም ማማሰያዋን እንደያዘች መጥታ በር ላይ ቆማ ሰማች። ስለሰብሳቢዎቹ ገበያ አላውቅም አልኩት፤ ምናልባት ዋጋዋ እሱ እንዳለው ይጨምር ይሆናል። ግን እኛም ስለ ሰዓቱ ልክ ነበርን፤ ቡናውን ያበላሸው ያላሰብነው ሙቀት ነው። “እናንተ እላይዋ ላይ የምትጭኑት ቤታችሁን ነው። አትግዛት፣ ልጄ።”

ኤርሚያስ ፎቶውን አየ፣ ከዚያ ሚስቱን። ኋላም “እሺ፣ ይቅር” አለ። “ቅዳሜ ሄጄ ላያት ቀጠሮ ነበረኝ፤ ልሰርዘው።”

“ማየቱን ምን አደረገህ? እኔንም ይዘኸኝ ሂድ” አልኩት።

“እማዬ!” አለች ልጄ ከበሩ ላይ።

ስለ መርካት ስንት ስብከት ሰምቻለሁ፤ ሲሰበክ ሁሉም ይገባኛል። ይህን ስጽፍ ቅዳሜ ገና አልደረሰም። ጫማዬን ግን ጠርጌ በሩ አጠገብ አስቀምጫለሁ፤ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥርም አየዋለሁ።