ንፋስ መውጫ ላይ የያዝኩት አልጋ

ከስማዳ የተነሳሁት ማክሰኞ ማለዳ ነው። የሄድኩበትን ጉዳይ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ አለዚያ አንድ ሽማግሌ በአልጋ ምክንያት ይህን ያህል መናደዱ አይገባችሁም።

ባለቤቴን እናትዓለምን የዓይን ሞራ ጋርዶባት ሁለት ክረምት በእጄ መርቻታለሁ። የቀኙ ጨርሶ ጨልሟል፤ ግራው የሰው ጥላ ያህል ነው የሚያሳያት። በዚህ ኅዳር የዓይን ሐኪሞች ንፋስ መውጫ እንደሚመጡ የቀበሌያችን ጤና ባለሙያ ነገረችን።

«አያ ደሴ፣ ሥራው የአፍታ ነው» አለችኝ። «ነገር ግን ዓይናቸው ታሽጎ እዚያው ከተማ ያድሩና ጠዋት ነው የሚፈታላቸው። ብርድና አቧራ እንዳይነካቸው። የሚያሳድር ዘመድ አለዎት?»

ዘመድ የለኝም። ባለፈው ጊዜ የሄዱት ሰዎች ሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ ሜዳ ላይ እንዳደሩ ሰምቻለሁ። ንፋስ መውጫ ደግሞ በኅዳር ሜዳ ላይ የሚታደርባት አገር አይደለችም፤ እናትዓለም እንኳን ዓይኗ ተሠርቶ በደህናውም ቀን ብርድ ሲነካት ስትስል ነው የምታነጋው። ስለዚህ ተራዋንም ላስመዝግብ፣ አልጋም ልያዝ ብዬ ቀድሜያት ሄድኩ።

ከወገዳ እስከ አርብ ገበያ

ከወረዳችን ከተማ ከወገዳ የተሳፈርኩት በቅጥቅጥ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ የተከፈተው በዚያው ሰሞን ስለነበር ሰዉ ጉዳዩን ሁሉ አጠራቅሞ አንድ ቀን የወጣ ይመስል ነበር። ለሁለት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ ሦስተኛ ሆኜ ተቀመጥኩ፤ ከእግሬ ሥር አንድ ጆንያ ምስር፣ ከጀርባዬ የሚያለቅስ ሕፃን። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ ከተለጠፈው የታሪፍ ወረቀት አስበልጦ ጠየቀኝ።

«ልጄ፣ ወረቀቱ ሌላ ነው የሚለው» አልኩት።

«አባባ፣ ወረቀቱ እኮ ነዳጅ አይገዛም!»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ስቄ ከፈልኩ። ያን ጊዜ ቁጣ ገና አልጀመረኝም።

ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ሹፌሩ ዘፈኑን ዘጋ፤ ሰዉም ወሬውን ተወ። በአንድ በኩል ገደል ነው። ታች ቆላው ማሽላው ቀልቶ ይታያል፤ ወደ ላይ ስንወጣ ደግሞ ደጋው ገብሱን አጭዶ ነዶውን ከምሯል። አንዳንዱ ጋ በሬዎች አውድማ ላይ ይዞራሉ። ይህን ሳይ እናትዓለም ትዝ አለችኝ። እሷ ከኔ ጋር ስትሄድ «አሁን የት ደረስን? ምን ይታያል?» ትለኛለች፤ እኔም እነግራታለሁ። የሚጠይቀኝ ሰው በሌለበት ማየቱ ራሱ ከበደኝ።

አርብ ገበያ ላይ ለሻይና ለዳቦ ወረድን። ቀኑ ማክሰኞ በመሆኑ የገበያው ሜዳ ባዶ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እህል የሸጥኩት እዚህ ሜዳ ላይ ነው። ዓርብ ማለዳ የደረሰ ሰው የሚሸጥበትን ቦታ ይመርጥና ዱላውን መሬት ላይ ያጋድማል። ከዚያ አህያውን ሊያስር፣ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም ይሄዳል። ዱላ የተጋደመበትን ቦታ የሚደፍር የለም። የማን ነው ተብሎም አይጠየቅም፤ ተይዟል፣ አለቀ። እኛ ያደግነው በዚህ ነው።

ንፋስ መውጫ፣ አልጋ ፍለጋ

ንፋስ መውጫ ስወርድ ነፋሱ ጋቢዬን ሊነጥቀኝ ታገለኝ። ተራ ማስመዝገቡ አላስቸገረኝም፤ ለሚመጣው ማክሰኞ ያዙልኝ። ያስቸገረኝ አልጋው ነው።

መጀመሪያ የገባሁት ባለ ፎቅ ነው። አንዲት ልጅ ከባንኮኒው ኋላ ስልኳን ታያለች።

«ቡክ አድርገዋል?» አለችኝ።

«ላደርግ ነው የመጣሁት ልጄ። ለኔና ለባለቤቴ። ዓይኗን ተሠርታ የምታርፍበት ነው።»

ይኼን ጊዜ ቀና አለች። «በሽተኛ አናስተናግድም፤ አንሶላ ይበላሻል።»

«ዓይን እኮ ነው። በዓይን አንሶላ እንዴት ይበላሻል?»

«የቤቱ ሕግ ነው አባባ» አለችና ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ሁለተኛው ቤት በሽተኛ አልጠላም፤ ስንቅ ነው የጠላው። ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው አሉኝ። ጾም ነው፣ ባለቤቴ ደግሞ ከራሷ ቂጣና ቆሎ በቀር ደፍራ አትበላም ብላቸው፣ «እዚህ በያይነቱ ይሠራል፣ ይለምዱታል» አሉኝ። እሷ በዚህ ዕድሜዋ፣ ዓይኗ ታሽጎ፣ አዲስ ምግብ ልትለምድ! ወጥቼ ሄድኩ።

ሦስተኛው ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ስድስት ክፍል በአንድ ቆርቆሮ ሥር የተደረደረበት፣ ውሃው በበርሜል የሆነ ትንሽ ቤት ነው። ባለቤቷ ወይዘሮ ጥሩነሽ ትባላለች፤ ከቀሚሷ ላይ ሹራብ የደረበች፣ ፈጣን፣ ቁልፎቿን በአንገቷ ያንጠለጠለች ሴት። ለአንድ አዳር አራት መቶ ብር አለችኝ። በሩ አጠገብ ያለውን ክፍል አየሁት፤ ደፍ የለውም፣ የሚያደናቅፍ ነገር የለም፣ መስኮቱ ይዘጋል። ለእናትዓለም የተሠራ መሰለኝ።

«በሽተኛ ናት እንግዲህ» አልኳት፣ አስቀድሜ ልወቀው ብዬ።

«ታዲያስ! ያምጧቸው አባባ። በሽተኛ ሰው አይደለም እንዴ?»

«ስንቅም ይዛለች።»

«ለኔም ይዘውልኝ ይምጡ» ብላ ሳቀች።

ቀብድ ልስጥሽ ስላት አሻፈረኝ አለች። «እርስዎን የመሰለ አባት ቃሉ ይበቃል።» እኔ ግን ባዶ ክፍል ትቼ መሄዱ አልሆንልህ አለኝ። ስለዚህ ዱላዬን አልጋው ላይ አጋደምኩት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ይዣለሁ ማለት ነው። ለሚመጣው ማክሰኞ ማታ።»

ገባት። የአገሬው ልጅ ናት፣ የገበያውን ወግ ታውቀዋለች። «እሺ፣ በማርያም አይነካም» አለችኝ። በማርያም ነው ያለችው፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ያለ ዱላ ወደ አገሬ ተመለስኩ፤ ዳገቱ ላይ የሰውነቴ ግማሽ የቀረ ይመስለኝ ነበር፤ ልቤ ግን አርፏል።

ማክሰኞ ማታ

በቀጠሮው ቀን እናትዓለምን ይዤ ሄድኩ። ሥራው እውነትም የአፍታ ሆነ፤ መጠበቁ ነው ቀኑን የበላው። ስትወጣ የቀኝ ዓይኗን በነጭ ፋሻ አሽገውላታል። «አታጎንብሺ፣ አትሳይ፣ ነፋስ አይንካሽ» ብለው አዘዟት። ወጣቱ ሐኪም ለኔ ለብቻዬ፣ «ዛሬ በደንብ ካላረፉ የደከምነው ሁሉ ሊበላሽ ይችላል» አለኝ። ባጃጅ ይዘን ስንሄድ ነጠላዋን በፊቷ ላይ ይዤላት፣ «አይዞሽ፣ አልጋችን ተይዟል» እላት ነበር።

ስንደርስ ከበሩ አጠገብ መኪና ቆሟል። የክፍላችን መብራት በርቷል።

ወይዘሮ ጥሩነሽ አይታኝ ክው አለች። «ውይ አባባ! መጡ እንዴ?»

«ማክሰኞ ነው እኮ። ምን አድርጌ ልቅር?»

«መሸ… የቀሩ መስሎኝ… አንድ ነጋዴ ከባሕር ዳር መጣና ለመነኝ። ከተማው በዓይን በሽተኛ ሞልቷል፣ አንድ አልጋ የለም። ምነው ቢደውሉልኝ!»

«ቁጥርሽን ሰጥተሽኛል?»

አንገቷ ላይ ያሉትን ቁልፎች መነካካት ጀመረች።

«ዱላዬስ?»

«ዱላዎትማ በደህና ተቀምጧል» አለችና ሮጣ አመጣችልኝ። ከየት አመጣችው? ከደጅ ጥግ፣ ከመጥረጊያና ከወለል መወልወያው መካከል። እርጥብ ነበር።

እኔ ቁጡ ሰው አይደለሁም። ልጆቼን እንኳ ቀና ብዬ ጮኼባቸው አላውቅም። ያን ጊዜ ግን ደሜ ወደ ራሴ ሲወጣ ተሰማኝ። እናትዓለም ክንዴን ይዛ፣ በዚያ ነፋስ ውስጥ፣ ሳሏን በእጇ አፍና ይዛ ቆማለች።

«በማርያም ብለሽኝ ነበር» አልኳት። «ገንዘብ ልስጥ ብልሽ ቃል ይበቃል ያልሽኝ አንቺ ነሽ። የአርብ ገበያ ሰው፣ የማያውቀኝ ሰው፣ አንድ ክንድ መሬት ላይ ዱላዬን አይነካብኝም። አንቺ አይተሽኝ፣ ስቀሽልኝ፣ ምለሽልኝ ዱላዬን ከቆሻሻ ጋር አቆምሽው!»

በጩኸቱ ነጋዴው በካልሲ ወጣ፤ ወፍራም፣ ደግ ፊት ያለው ሰው ነው። ነገሩን ሲሰማ ደነገጠ። «አባቴ፣ እኔ አላወቅሁም። ልውጣላችሁ፣ መኪናዬ ውስጥ እተኛለሁ» ብሎ ልብሱን ሊሰበስብ ተመለሰ።

ከኔ ቀድማ እናትዓለም ተናገረች። «የለም ልጄ፣ ወድቀህ ብትነሳም አይሆንም! እንግዳ ከአልጋ አስወርጄ አልተኛም። እንዲህ ከሆነ ዓይኑም ይቅር።»

እውነቷን ነው። እሱ ምን አጠፋ? እሱም እንደኛ የመሸበት ሰው ነው። ቁጣዬ ግን የሚሄድበትን መንገድ ያን ጊዜ አገኘ። ወደ ወይዘሮ ጥሩነሽ ዞርኩ።

«አንቺ የት ነው የምትተኚ?»

«እኔ? ጓዳ ነዋ።»

«አልጋ አለው?»

«አለው፣ ግን…»

«እኛ አገር እንግዳ ሲበዛ ከአልጋ የሚወርደው እንግዳው አይደለም። ባለቤቱ ነው። እኔም ወርጄ አውቃለሁ፣ አባቴም ወርዷል። አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ከዚህ ከላይ ጋይንት እንጂ ከባሕር ማዶ አልመጣሽ! እንግዳ ቤት ብለሽ በርሽን ከከፈትሽ፣ የሰጠሽውን ቃል በራስሽ ጎን ክፈይው።»

«ተው እንጂ አንተ ሰውዬ፣ አገር ሰማህ» አለችኝ እናትዓለም ጋቢዬን እየጎተተች።

«ይስማ! አልተውም!»

ከየክፍሉ ሰው አንገቱን አወጣ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ፊቷ ቀላ። ቁልፏን ከአንገቷ አውልቃ ጓዳውን ከፈተች። አንሶላውን ገፈፍ ጣል እያደረገች ቀየረች፤ ለራሷ ወለሉ ላይ ቆዳ አነጠፈች። ለኔም ሌላ ቆዳ ከበሩ ሥር ጣለችልኝ። ነጋዴው ስንቃችንን ተሸክሞ አስገባልን። እናትዓለም ሰፊው አልጋ ላይ በጀርባዋ ተጋደመች፤ እኔም ግድግዳውን ተደግፌ ስበግን እንቅልፍ ጣለኝ።

ጠዋት

በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ አጠገቧ ነበርኩ። ሐኪሙ ጣቶቹን አውጥቶ «ስንት ነው እናቴ?» አላት።

እሷም አተኩራ አየችና «ሦስት» አለች። «መካከለኛው ላይ ቀለም ነክቶሃል ልጄ።»

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ ምን እንደሆንኩ አልነግራችሁም።

ጓዛችንን ልንወስድ ተመልሰን ስንሄድ ሒሳቤን ከፈልኩ። ከወይዘሮ ጥሩነሽ ጋር ሰላምታ እንኳ በወጉ አልተለዋወጥንም። እናትዓለም ግን ሴትዮዋን አገጯን ይዛ ፊቷን ደጋግማ ስታያት ቆየች፤ አንድ ነገርም ተንሾካሾኩ። መኪናው ይሄዳል ብዬ ከደጅ ሆኜ ተቆጣሁ።

ወደ ቤት

በመንገድ ላይ ያን ቀን የምትናገረው እሷ ነበረች። «ያ ማሽላ ነው? ያች ቤት ቆርቆሮ መቼ ለበሰች? አንተ፣ ይሄ ገደል እንዲህ ኖሯል?» እያለች። እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ፤ በልቤ ግን ለእናንተ የምጽፈውን አዘጋጅ ነበር። ከጋይንት፣ ከእስቴ፣ ከስማዳ በሽተኛ ይዛችሁ ከተማ የምትወጡ ሁሉ፣ በሽተኛ አናሳድርም የሚል አለ፣ ስንቃችሁን የሚጠላ አለ፣ ምሎ የሚያፈርስ አለ። አልጋ ቀድማችሁ ስትይዙ የባለቤቱን ስልክ ያዙ፣ ማለዳ ደውሉ፣ ከተቻለም አንድ ሰው እዚያው ተቀምጦ ይጠብቅ። እንዲህ ብዬ ስመክር አፍራለሁ። ቃል ለብቻው የሚበቃበት አገር ነበር፤ አሁን ግን የገበያው ሜዳ ከቤቱ በልጦ አገኘሁት።

ቤታችን ስንደርስ ጎረቤት ተሰበሰበ። እናትዓለም የሁሉንም ፊት አንድ በአንድ እያየች፣ ያረጀውን አርጅተሃል እያለች ብዙ አሳቀች። ከዚያ ጎረቤታችን ውዴ፣ «ያደራችሁበትስ ቤት እንዴት ነው?» አለቻት።

«ሰፊ አልጋ። ሴትዮዋም ደግ ናት።»

«ደግ?» ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። «ከአልጋዋ ያወረድኳት እኔ ነኝ!»

«አንተ አውርደሃታል። ሌሊት ለሽንት በተነሳሁ ቁጥር እጄን ይዛ በዚያ ብርድ ያወጣችኝንስ ማን አዘዛት? ነፋስ እንዳይነካኝ ሹራቧን በራሴ ላይ ጥላ። አንተማ ታንኮራፋለህ።»

ደነገጥኩ። «ታዲያ ለምን አልቀሰቀስሽኝም?»

«ልቀሰቅስህ ስል እሷ ናት የከለከለችኝ። ተዉዋቸው፣ በኔ ጥፋት ደክመዋል ብላ።»

ሰዉ ወደ እኔ ዞረ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

የግራ ዓይኗ ከገና በኋላ ቀጠሮ አለው። የት እንደምናድር እናትዓለም ወስናለች፤ እኔን አልጠየቀችኝም። እሄዳለሁ። ለሌሊቱ አመሰግናታለሁ። ለአመሻሹ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ እስካሁን አልበረደልኝም።